የሐምሌ ሣር፣ የታኅሣሥ ሒሳብ

የግቢ አትክልት ሥራ ተቋራጭ እንዴት ይመረጣል? ክፍያውስ መቼ ይጠናቀቃል?

በሐምሌ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ሣር የማይበቅልበት ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በጣሪያ አሸንዳ ውስጥ ሳይቀር ይበቅላል። በዚህ ወር ግቢውን ሣር ያስተከለ ባለንብረት በነሐሴ መጨረሻ ወጥቶ ሲመለከት ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ተቋራጩም «ጋሼ፣ ሣሩ ይዟል፤ ሒሳቤን ይዝጉልኝ» ይላል፤ ይዘጋለታል። ዝናቡ መስከረም ላይ ያበቃና ኅዳር ሲገባ ሣሩ በየቦታው መንጣት ይጀምራል። በታኅሣሥ ግማሹ ገለባ ይሆናል። ያን ጊዜ ተቋራጩ ስልክ አያነሣም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነገሩን በቅርብ ያየው በአንድ ዘመዱ ግቢ ነው። ዘመዱ ለኪራይ ያሠሩት ቤት 300 ካሬ ሜትር የሚሆን ባዶ ግቢ ነበረው። ሥራው በሐምሌ ተሰጠ፤ ክፍያው በጳጉሜን ተጠናቀቀ። ቤቱን ሊከራይ የመጣው ሰው ግቢውን ያየው ግን በጥር ነበርና የደረቀውን ሣር እያሳየ ኪራዩን አስቀነሰ። በኋላ በአካፋ ሲቆፈር ከላይ የተገኘው አፈር ከ3 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም ነበር። ከዚያ በታች ያለው ግንበኞች ጥለውት የሄዱት ሰሌክት ማቴሪያል፣ የሲሚንቶ ቅሪትና የብሎኬት ስባሪ ነው። ሣሩ ክረምቱን የኖረው በዝናቡ እንጂ በአፈሩ አልነበረም።

ዘመዳችን በንግድ ዓለም የኖሩ ሰው ናቸው። እህል ሲገዙ ጆንያውን ወግተው ናሙና ሳያወጡ ገንዘብ አይቆጥሩም። ለግቢያቸው ግን ናሙና ሳያዩ ሙሉውን ከፈሉ። ስሕተቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የዚህ ገበያ ጠባይ ራሱ ለዚህ ይዳርጋል።

ገበያው ለምን ያታልላል?

የግቢ ማስዋብ ሥራ ቀድሞ የኤምባሲዎች፣ የሆቴሎችና የጥቂት ቪላዎች ጉዳይ ነበር። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈቱ፣ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ግን የከተማው ዓይን ተለውጧል። ሕንፃ ያለው ፊት ለፊቱን፣ ቪላ ያለው ጓሮውን ማልማት ይፈልጋል። ፈላጊ ሲበዛ አቅራቢ ይበዛል። ወደዚህ ሥራ ለመግባት ብዙ ካፒታል አያስፈልግም፤ አካፋ፣ ዶማ፣ የሣር ማጨጃና ጥቂት የቀን ሠራተኞች ከተገኙ «ግሪነሪ እሠራለሁ» ማለት ይቻላል። ከእነዚህ መካከል ሙያውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ብዙ አሉ። ችግሩ በሥራው ቀን ጥሩውና መጥፎው አንድ መምሰላቸው ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ ይህን ዓይነቱን ገበያ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አብራርቶታል። የእርሱ ምሳሌ ያገለገለ መኪና ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ለይቶ ማወቅ ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ውስጥ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ መስክ ባበረከተው ሥራ ነው።

ወደ ግቢያችን ስንመልሰው ነገሩ ይህን ይመስላል። 15 ሳንቲ ሜትር አፈር የሚያለብሰውና 3 ሳንቲ ሜትር የሚበትነው ተቋራጭ ሁለቱም ዋጋ ያቀርባሉ። የሁለተኛው ይረክሳል። ባለንብረቱ በነሐሴ ሁለቱን ሥራዎች መለየት ስለማይችል ርካሹን ይመርጣል። ሐቀኛው ወይ ጥራቱን ይቀንሳል ወይ ሥራውን ይተዋል። ስለዚህ ባለንብረቱ ማድረግ ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ የሚታየውን በጊዜው መለካት፣ የማይታየውን ደግሞ እስኪታይ ድረስ ገንዘብ መያዝ።

ትርፉ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው

ሒሳቡን እንመልከት። 300 ካሬ ሜትር ግቢ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር እንዲለብስ ቢፈለግ 45 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል 3 ሙሉ ጭነት ማለት ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢበተን ግን 9 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ አንድ ጭነት እንኳ አይሞላም። የ36 ሜትር ኩብ አፈር ዋጋ፣ የመኪና ኪራይና የመደልደያ ጉልበት ተቋራጩ ኪስ ይቀራል። አረንጓዴው ግን በሁለቱም ላይ እኩል ይታያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥጥር የመኪና ቆጠራ ነው። ዘበኛው የእያንዳንዱን መኪና ታርጋና የገባበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግብ። አፈሩ ተደልድሎ፣ ውሃ ጠጥቶ ከረጋ በኋላ ደግሞ በ10 የተለያዩ ቦታዎች ቀጭን ብረት እየተወጋ ጥልቀቱ በማስመሪያ ይለካ። አዲስ የተደፋ አፈር ሲረጋ ስለሚወርድ ሳይረጋ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሣሩ ከመተከሉ በፊት ነው።

የአፈሩ ዓይነትም ይታይ። ለመሠረት ከተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ የወጣ አፈር ርካሽ ቢሆንም ለተክል የሚሆን ምግብ የለውም። የሚፈለገው የላይኛው አፈር ነው። ከዚህ ጋር የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይቀላቀላል። ፍጉ መብሰሉ የሚታወቀው ሲጨበጥ እንደ አፈር የሚፈረፈር፣ የበረት ሽታ የሌለው ሲሆን ነው። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

መረሬ አፈር ባለበት ግቢ ደግሞ ጉዳዩ ከሣርም ያልፋል። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከግድግዳ ሥር ሣር ተክሎ በየቀኑ ማጠጣት አፈሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ በዚህም አጥርና የበረንዳ ንጣፍ ሊሰነጠቅ፣ ቀላል መሠረት ያለው ቤትም ሊጎዳ ይችላል። በቤቱ ዙሪያ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ መተው፣ ምድሩም ከቤቱ ወደ ውጭ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ ይገባል። ይህን ሳይጠየቅ የሚያነሣ ተቋራጭ ሙያውን ያውቃል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው የሙያ መመዘኛ ይህ ጥያቄ ነው። ጥሩ ተቋራጭ ስለ አበባው ቀለም ከማውራቱ በፊት «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከርዎ ስንት ሊትር ይይዛል?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ ሣር በቀን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ሊፈልግ ይችላል። በ4 ብናሰላው 300 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 1,200 ሊትር፣ በወር 36 ሜትር ኩብ ይጠጣል። 5 ሺሕ ሊትር የሚይዝ ታንከር ለሣሩ ብቻ ቢውል በ4 ቀን ገደማ ይደርቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ማለት ወይ ሣሩ ይሞታል፣ ወይ በቦቴ ውሃ ይገዛል።

መፍትሔው ሣሩን መቀነስ ነው። ከ300 ካሬ ሜትሩ 120ው ብቻ ሣር ቢሆን የቀን ፍላጎቱ ወደ 480 ሊትር ይወርዳል። የቀረው በጠጠር፣ በድንጋይ ንጣፍና ድርቅ በሚችሉ ቁጥቋጦዎች ይሸፈናል። ይህን ምክር የሚሰጥ ተቋራጭ የራሱን ሥራና ክፍያ እያሳነሰ ነው። ከአንደበቱ ይልቅ ይህ ይመሰክርለታል።

ሣሩና ችግኙ

በከተማችን ሣር በብዛት የሚተከለው ሥር ያለው ቁራጭ እየተሰካ ነው። ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሣር በምድር ላይ እየተሳበ ይሸፍናል። ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ፤ ከትልቅ ዛፍ ወይም ከፎቅ ጥላ ሥር «ሣር አለብሳለሁ» የሚል ተቋራጭ የማይቻለውን እየሸጠ ነው። ኪኩዩ ወደ አበባው መደብ እየገባ ስለሚያስቸግር በመካከላቸው ጠርዝ መገንባት ያስፈልጋል። ቁራጩ ከየት እንደመጣ መጠየቅም ተገቢ ነው። ከሜዳ ተነቅሎ የመጣ ሣር አረሙን ይዞ ይመጣል።

በችግኝ ላይ የሚታወቀው ማጭበርበር ደግሞ ሥር ያላወጣ ቅርንጫፍ ፕላስቲክ ውስጥ ሰክቶ እንደ ችግኝ መሸጥ ነው። ቅጠሉ ለሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ግንዱን ይዞ በቀስታ ወደ ላይ መሳብ በቂ ፈተና ነው፤ ሥር የያዘ ችግኝ አፈሩን ይዞ ይነሣል፣ ያልያዘው ብቻውን ይወጣል። ከመቶ ችግኝ አሥሩን እንደ ናሙና መፈተን ለነጋዴ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ሰውየውን ማወቅ

የንግድ ፈቃዱ የዘንድሮ መታደሱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና ደረሰኝ የሚሰጥ መሆኑን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ነገር ነው። ዋጋው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ ይሁን አይሁን በግልጽ ይጻፍ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው መጨረሻ ላይ «ታክሱ ለብቻው ነው» ሲባል ነው።

ከወረቀቱ ይበልጥ የሚናገረው ግን የቀድሞ ሥራው ነው። ተቋራጩ በስልኩ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የተነሣው በክረምት ነውና ብዙም አይረዳም። ከሁለት ዓመት በፊት የሠራቸውን ሦስት ግቢዎች አድራሻ መጠየቅና በበጋ ሄዶ ማየት ይሻላል። እዚያ ሲደረስ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ዘበኛውንና አትክልተኛውን ማነጋገር ነው። ተቋራጩ ከተከፈለው በኋላ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ተቋራጩን ያገናኘው ደላላ ከሆነም ኮሚሽኑ ከማን እንደሚከፈል አስቀድሞ ይነገር። ያልተነገረ ኮሚሽን ከአፈሩ ውፍረት ላይ ይቀነሳል። ሥራው መልካም ከሆነ ግን በነገታው ቤቱን የሚያከራየው ያው ደላላ ሊሆን ይችላልና ለእርሱም በታኅሣሥ አረንጓዴ የሆነ ግቢ ይጠቅመዋል።

ቀብድና ውል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 የሥራ ውልን ሲተረጉም ሥራ ተቀባዩ በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ መሆኑን ይገልጻል። ስለዚህ «ሣር መትከል» ተብሎ ከተጻፈ ይልቅ «የያዘ ሣር ማስረከብ» ተብሎ ቢጻፍ ለባለንብረቱ ይሻላል። አንደኛው ሥራውን ብቻ ያያል፤ ሁለተኛው ውጤቱን ያስጠይቃል።

ቀብድንም በሚመለከት ሕጉ ግልጽ ነው። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በመሆኑም የሚሰጠው ገንዘብ «ቀብድ» ነው ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ» የሚለው በውሉ ላይ ይለይ። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት።

በውሉ ሊገቡ የሚገባቸው ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፤

1ኛ/ የሣሩ ስፋት በካሬ ሜትር፣ የአፈሩ ጥልቀት ከረጋ በኋላ በሳንቲ ሜትር፤

2ኛ/ የእያንዳንዱ ተክል ዓይነት፣ ብዛትና በተከላው ቀን የሚኖረው ቁመት፤

3ኛ/ የግንባታ ቆሻሻውን ማን እንደሚያነሣና የት እንደሚወስደው፤

4ኛ/ ውሃ ማን እንደሚያቀርብ፣ ማን እንደሚያጠጣና በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ፤

5ኛ/ የሞተ ተክል በስንት ቀን ውስጥ እንደሚተካ፤

6ኛ/ የሠራተኞቹ ደመወዝና በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት የተቋራጩ መሆኑ፤

7ኛ/ የርክክቡ ቀንና ሥራው የሚመዘንበት መንገድ።

መያዣው

ሰባተኛው ነጥብ የሁሉም ማሰሪያ ነው። የሕንፃ ተቋራጮች ሪቴንሽን የሚሉትን አሠራር ያውቁታል። ሥራው ካለቀ በኋላ ከክፍያው የተወሰነው ጉድለት እንዳይገለጥ ለተወሰነ ጊዜ ይያዛል። በግቢ ሥራ ላይ የመያዣው ጊዜ የሚወሰነው በዝናቡ ነው፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ማለፍ አለበት።

ለምሳሌ ያህል ጠቅላላ ዋጋው 200 ሺሕ ብር ነው እንበል። ውል ሲፈረም 20 በመቶ ወይም 40 ሺሕ ብር ይሰጣል። አፈሩ ገብቶ ጥልቀቱ ሲለካ 30 በመቶ ወይም 60 ሺሕ ብር፣ ተከላው በሐምሌ መጨረሻ ሲያልቅ ሌላ 60 ሺሕ ብር ይከፈላል። የቀረው 40 ሺሕ ብር መያዣ ይሆንና ግማሹ ታኅሣሥ 30፣ ግማሹ ጥር 30 ይለቀቃል። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም በ10 ቦታ ይጣላል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሣር የሸፈነው በመቶኛ ይገመታል፤ አማካዩ 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይከፈላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የመታው ሣር ላዩ ሊነጣ ይችላልና በዚህ ብቻ እንዳይፈረድበት ግንዱ ይታይ። ከሥሩ አረንጓዴ ወይም እርጥብ ከሆነ አልሞተም።

ተቋራጩ «ገንዘቤ ታስሮ ዋጋ ያጣል» ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው። 40 ሺሕ ብር ሙሉው ለ6 ወር ቢያዝና በዓመት 20 በመቶ ወለድ ቢታሰብበት 4 ሺሕ ብር ይመጣል። ይህ ከጠቅላላው ዋጋ 2 በመቶ ነው። ባለንብረቱ ይህችን 2 በመቶ በዋጋው ላይ ጨምሮ ቢከፍል አይጎዳም። የደረቀ ግቢ ሲታደስ ግን የአፈሩ፣ የተከላውና የጉልበቱ ወጪ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ የቀነሰው ኪራይም አለ።

መያዣው ሌላ ጥቅምም አለው። 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ያለበሰ ተቋራጭ ገንዘቡ በጥር እንደሚለቀቅለት ስለሚያውቅ ይስማማል። 3 ሳንቲ ሜትር ሊበትን ያሰበው ግን ወይ ይሸሻል፣ ወይ «ሙሉውን አሁን ከከፈሉኝ ዋጋ እቀንሳለሁ» ይላል። ኢኮኖሚስቶች ይህን ምልክት ይሉታል። ለሐቀኛው ርካሽ፣ ለአጭበርባሪው ውድ የሆነ ምልክት ሁለቱን ይለያቸዋል። ባለንብረቱ ማወቅ ያቃተውን ነገር ተቋራጩ ራሱ ይነግረዋል።

የተቋራጩም ወገን ይታይ

አንዳንድ ባለንብረት መያዣን እንደ ቅናሽ ይቆጥረዋል። ሣሩን ሳያጠጣ አድርቆ «አልያዘም፣ አልከፍልም» የሚል አለ። ሐቀኛውን ተቋራጭ ከገበያ የሚያስወጣው ይህም ነው። ስለዚህ ማጠጣት የባለንብረቱ ኃላፊነት ከሆነ አትክልተኛው ያጠጣበትን ቀን በደብተር ይመዝግብ፤ ተቋራጩም በየሁለት ሳምንቱ መጥቶ ይፈርምበት። ያልጠጣ ሣር ቢሞት ተቋራጩ አይጠየቅም።

መያዣውን ሁለቱም በሚያምኑት ሦስተኛ ሰው እጅ ማስቀመጥም ይቻላል። ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ መስጠት ግን መያዣ አይሆንም። ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ስለሆነ ለሁለቱም ወገን ጣጣ ያመጣል።

ዘመዳችን ግቢያቸውን እንደገና አሠርተዋል። ሣሩ አሁን 120 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። አፈሩን ራሳቸው ቆመው በብረት እየወጉ ለኩ። አዲሱ ተቋራጭ የመያዣውን ነገር ሲሰማ ጥቂት አሰበና ከዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሮ ተስማማ። የመጨረሻውን ክፍያ የተቀበለው በጥር ነው፤ በዚያው ቀን የጎረቤትን ግቢ ለካ።

ክረምቱ ሲቃረብ ተቋራጮች በየበሩ ማንኳኳታቸው አይቀርም። ዋጋ ለሚጠይቅ ባለንብረት ከ«በካሬ ስንት ነው?» በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ «የመጨረሻውን ክፍያ በጥር ብሰጥህ ትሠራለህ?»